ኬኩ ተቆረሰ፣ ክሊራንሱ ቀረ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባችንን ሸኘን። ሒሳብ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርታለች። የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ነው የምትሄደው። እንደ ደንቡ መዋጮ ተሰበሰበ፣ ኬክ ታዘዘ፣ ለስላሳና ፈንዲሻ ቀረበ፣ የሐበሻ ቀሚስ ተገዛላት። (እስከ ዛሬ መዋጮ የምትሰበስበው እሷው ነበረች። በዚህኛው ግማሹ ሰው ሳያዋጣ ቀረ።)

አለቃችን ተነሥተው "ከሠራተኛ በላይ እህታችን ነሽ" አሉ። አለቀሰች። አጨበጨብን። የእኔ ዓይን ግን ከቦርሳዋ ብቅ ያለች ወረቀት ላይ ነበር። ክሊራንስ ናት፤ ሠራተኛ ሲለቅ በእጁ የቀረ ንብረት ወይም ዕዳ እንደሌለ በየክፍሉ እየዞረ የሚያስፈርምባት። ገና ሦስት ፊርማ ይቀራታል።

ክሊራንስ ያዞረ ያውቀዋል። አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሌላው ፊልድ ወጥቷል። ንብረት ክፍል ደግሞ በስሟ የተመዘገበች አንዲት ካልኩሌተር አገኘ። ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችው። ከመነካካት ብዛት 7 ቁጥሯ ተፍቆ አይታይም፣ ጀርባዋ በፕላስተር ተጣብቋል። ሰውየው ገልበጥ አድርጎ አያትና "ክዳኗስ?" አለ።

ንብረት አይመለስ እያልኩ አይደለም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መልቀቂያ ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ስብሰባ የሚጠራት ጠፋ። "እሷ እኮ ሂያጅ ናት" ተባለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። መብቷ ነው፣ ማንንም አልከዳችም። ያ አንድ ወር ለርክክብ ይበቃ ነበር። እኛ የኩርፊያ ወር አደረግነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውም እንዲሁ። ምን እንደሠራች፣ ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ስንት ይከፈላት እንደነበር የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ ሊሰጣት እንደሚገባ ያው አዋጅ ደንግጓል። ይህችን አንድ ገጽ ለማግኘት "ነገ ተመለሽ" ስትባል ሁለት ሳምንት ሞላት። እህታችን ያልናት ሴት!

ማን እንደሄደብን የገባኝ ደብተሯን ሳይ ነው። ማንም ሳይጠይቃት ለሚተካት ሰው ጽፋ የተወችው ሰማያዊ ደብተር ነው። "ጡረታ፦ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ። መጨረሻው ቀን አትጠብቅ፣ ሲስተሙ ይጨናነቃል።" ደረሰኝ የሚያጓትት አቅራቢ ማን እንደሆነ አለ። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በር ላይ ያሉት አባባ የባንክ መልእክት ማንበብ ይቸግራቸዋል። ደመወዝ ሲገባ ወርደህ ንገራቸው።" ይህን የምታስረክበው ሰው አልተመደበላትም። እኔ ጋ አስቀምጣው ሄደች፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ አላውቅም።

ከኬኩ በፊት ክሊራንሱን የሰው ሀብት ክፍል ራሱ አዙሮ ቢጨርስላት ምን ነበረበት? ከቀሚሱ ጋር የሥራ ልምዷ በፖስታ ቢሰጣት? ለዚህ መዋጮ እንኳ አያስፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ለቀሩት ሦስት ፊርማዎች ተመልሳ መጣች። አባባ በሩን ከፍተው ግራ ገባቸው።

"ልጄ፣ ዓርብ አልተሸኘሽም እንዴ?"