ይድረስ ለክቡር "ድሮ ይሻል ነበር"

ጉዳዩ፦ ከጠረጴዛችን እንዲነሡልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? "ድሮ ይሻለኝ ነበር" እንደሚሉኝ ስለማውቅ መልሱን አልጠብቅም። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ እያልኩ እጽፍልዎታለሁ። አያቴ ልጅ ሳሉ ያውቁዎት እንደነበር ነግረውኛል። ያኔም አርጅተው ነበር አሉ።

አድራሻዎን ፍለጋ አልደከምኩም። ባሕር ዳር ውስጥ የሌሉበት የለም። ጣና ዳር ዓሣ ሲታዘዝ ከሎሚውና ከዳጣው ቀድመው ይደርሳሉ። አንዱ "ድሮ ቀረሶ እኮ ይህን ያህል ነበር" ይልና ክንዱን ይዞ ያሳያል። አምና ክርኑ ጋ ነበር የያዘው። ዘንድሮ ትከሻው ደርሷል። ባጃጅ ውስጥም አሉ፤ ሂሳብ ሲነገር ከኋላ ወንበር ይተነፍሳሉ። ሰርግ ቤትም አሉ፤ ጠላው ገና ከንፈር ሳይነካ።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ዓሣውም፣ ታሪፉም፣ ጠላውም የአገር ጉዳይ ነው። እንደ ልብዎ ይናገሩበት። የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። ወደ ሙዚቃችን ማን ጠራዎት?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የሚባል ባንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደብሊን ላይ የተመሠረተ የኢንዲ ሮክ ባንድ ነው። ኢንዲ ማለት ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠና የሚኖር ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ጎጆውን ራሱ የቀለሰ። አጨዋወታቸው ለየት ይላል። መድረክ ላይ አይዘሉም፣ አያጨበጭቡም። እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው፣ እግራቸው ሥር የተደረደረውን የጊታር ፔዳል ሲያዩ ያመሻሉ። ድምፁ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጊታሩ ይነዝራል፣ ይጎርፋል። ዘፋኟ ከጎርፉ ማዶ ሆና የምታንጎራጉር ነው የሚመስለው። ጩኸቱ ከመክበዱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ መድረክ ሲመለሱ ለታዳሚው የጆሮ መድፈኛ ይታደል ነበር። (እኛ ዘንድ በጥር ሰርግ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ስፒከር ሥር ለሚቀመጠው ዘመድ ይህን ያሰበለት የለም።)

እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለተኛ አልበማቸውን አወጡ። የሰማው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ጠፉ። ሦስተኛው አልበም "እየመጣ ነው" ተባለ። ቆይቶም "እየመጣ ነው" ተባለ። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ እንኳ "አሁን እንነሣለን" እያለ ይህን ያህል አያስጠብቅም። ከ21 ዓመት በኋላ፣ ቅዳሜ ጥር 25 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አልበሙ ዛሬ ማታ በገዛ ድረ ገጻችን ይወጣል አሉ። ዓለም ተጋፋ። ድረ ገጹም ወደቀ።

እኛ ያኔ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ነበርን። አራት ተማሪዎች። በመላው ባሕር ዳር ከእኛ ሌላ ይህን ባንድ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ የከተማው አድናቂ በሙሉ ያን ሌሊት አንድ ዶርም ውስጥ፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ ላይ ተሰብስቦ ነበር ማለት ይቻላል። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አልበሙ የሚገዛው በካርድ ነው ተባለ። ካርድ ሲባል እኛ የምናውቀው የሞባይል ካርድ ነው። የአንዱ ጓደኛችን እህት አሜሪካ ነበረችና እሷ ተለመነች። ደግ ናት፤ ምሽቷን ሠውታ የወደቀውን ድረ ገጽ ስትጎተጉት አመሸች። በመጨረሻ ገባላት። ገዛችው። ለማረጋገጥ ከፈተችው። ወዲያው ደወለች።

"ስማ ወንድሜ፣ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለኛል።"

"ምን ሆነ?"

"ይነዝራል። ልክ እንደ አሮጌ ፍሪጅ።"

"እሱ እኮ ነው ዘፈኑ።"

ዝም አለች። ዝምታዋ በደቂቃ የሚከፈልበት ዝምታ ነበር። ከዚያ "ለዚህ ነው ያስለመንከኝ?" ብላ ዘጋችው።

እዚህ ላይ እህታችንን ትንሽ ልታዘባት። በገናስ አይነዝርም እንዴ? አሥሩ ጅማቶች ድልድዩ ላይ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባላቸው እንዲነዝሩ አይደል? ያ ቆዳ ባይኖር ድምፁ እርቃኑን ይቀር ነበር። አየርላንዶቹ ይህን በኤሌክትሪክ አደረጉት፤ የእኛ ሰዎች በቆዳ። ለማንኛውም ወደ ነገራችን።

ፋይሉ ሰኞ ማታ በኢቪዲኦ ኢንተርኔት እየተንፏቀቀ ደረሰ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ። ላፕቶፕ አንድ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሁለት፣ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ገመድ ከጎረቤት ዶርም ተዋስን። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጆሮ ደረሰን። ለእኔ የግራው ነው የወጣልኝ። በቀኝ በኩል ምን እንደተጫወቱ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዘፈን፣ 46 ደቂቃ። ስንጀምረው ዶርሙ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። አፍሬ አልደብቅዎትም፤ እኔ ዓይኔ ሞላ።

የመጀመሪያው ዘፈን ገና አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው እርስዎ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"ድሮ ይሻል ነበር።"

የወጡበትን አፍ ስም አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ያ ልጅ በዚያ ሌሊት 20 ዓመቱ ነበር። "ድሮ" ያለው የ1991ዱን አልበም ነው። ያ አልበም ሲወጣ ልጁ አልተወለደም። የናፈቀው ድሮ በአንድ ዓመት ያህል ይበልጠዋል! ደግሞ ያን ድሮ የተዋወቀው ከእኛው ጋር፣ ከስድስት ወር በፊት፣ በፍላሽ ተገልብጦ መጥቶለት ነው። ሰዎቹ ሃያ አንድ ዓመት ጊታር ሲያስተካክሉ ከረሙ፤ እሱ በቀኝ ጆሮው ብቻ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈረደባቸው። ኧረ ተው! የምድብ ችሎት እንኳ ቀጠሮ ይሰጣል።

ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ተበላሸ። ሦስታችን ሙዚቃ ማዳመጥ ትተን ለሙዚቃው ጠበቃ ሆንን። ሁለተኛውን ዘፈን በክርክር ጨረስነው። ሦስተኛውን በኩርፊያ። የእርስዎ ሥራ ይኸው ነው፤ ራስዎ ሁለት ሦስት ቃል ነዎት፣ የሚያስነሡት ንትርክ ግን እስከ ካፌ ሻይ ሰዓት ይሄዳል።

ለፍትሕ ስል ይህንንም ልናገር። እውነትዎን የሆነበት ቦታ አለ። ጢስ ዓባይ። እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። ውሃው መጀመሪያ ወደ ኃይል ማመንጫ መጠለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ሲጨመር ደግሞ ፏፏቴው በበጋ ክር ሆነ። በክረምት ሞልቶ 400 ሜትር ያህል የሚሰፋው ገደል፣ መጋቢት ላይ ሲያዩት ቧንቧው በደንብ ያልተዘጋ ይመስላል። ድሮ ባለአንድ ብሩ ኖት ጀርባ ላይ ነበር፣ ሞልቶ። አሁን ኖቱም የለም። አንድ ብሩም ቢሆን ድሮ ይሻል ነበር። ይኸው፣ በገዛ ብዕሬ ጻፍኩልዎት።

ግን ፏፏቴው እኮ በየዓመቱ ይመለሳል። ነሐሴ ላይ አባላቱን በሙሉ ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። አንድ ክረምት ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ሄድን። ጢሱ ከሩቅ ተቀበለን። ሸሚዛችን ገላችን ላይ ተጣበቀ። ጉርምርምታው ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ጓደኛዬ ፊቱ በውሃ እየታጠበ አፉን ከፈተና አንድ ነገር ጮኸ። አልሰማሁትም። "ምን?" አልኩት። ደገመው። አልሰማሁትም። ሦስተኛ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ተደግፎ፣ ዓባይን በልጦ፦

"ድሮ ይሻል ነበር!"

በነገራችን ላይ እምቦጭ ሲመለስ ለምን ዝም እንደሚሉ ገርሞኝ አያውቅም ማለት አልችልም። በየዓመቱ ሕዝብ ወጥቶ በእጁ ይነቅለዋል። በየዓመቱ ይመለሳል። "ይደገም" ያለው አድናቂ የለም፤ እሱ ግን ይደግመዋል።

ሌላም ክስ አለኝ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጠው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የሠሩት ካሴት በ2013 እንደገና ታተመ። እንግዲህ ያው ካሴት ነው። አንድ ኖታ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ድምፁ ጠርቶ ወጣ እንጂ። አጎቴ ዘንድ ወስጄ አሰማሁት። ግማሹን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ከዚያ እርስዎን ከኪሱ አወጣ። "ካሴቱ ላይ ሲሆን ይሻል ነበር።"

ያው ራሱ ነው እኮ ጋሼ፣ አልኩት። "እሱን አይደለም የምልህ" አለኝ። ታዲያ ምኑን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ልግባ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ማይ ብለዲ ቫለንታይን እንደገና መድረክ ሊወጣ ነው፣ መነሻውም ያው ደብሊን ነው ተባለ። ከአራታችን ሁለቱ ባሕር ዳር ቀርተናል። ለዚያኛው ደወልኩለት፤ ጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር ተገናኘን። ዓሣ ጉላሽ አዘዝን። ዜናውን ነገርኩት። እሱ እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ቀና እንኳ ሳይል እንዲህ አለ፦

"አሁን ምን ይሠራሉ ብለህ ነው። የእነሱ ልክ ያ 2005 ላይ የሰማነው ነው። እንደሱ ድጋሚ አይመጣም።"

ጉላሹ አነቀኝ።

"የትኛው? አንድ ደቂቃ ሰምተህ 'ድሮ ይሻል ነበር' ያልከው?"

"እኔ?" አለ። ከልቡ ደነገጠ። "ምን ነካህ አንተ? እኔ እኮ ያን ሌሊት አለቀስኩ!"

ክቡር ሆይ፣ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። በግራ ጆሮዬ። ከላይኛው አልጋ ላይ ያየኝ ምስክር አለ፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ ቢጠየቅ ይመሰክራል። እርስዎ ግን ከልጁ አፍ ወጥተው ሲያበቁ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ጠብቀው፣ የኔን ዕንባ አንስተው ለእሱ ሰጡት። እሱም ተቀበለ። ደረሰኝ እንኳ አልፈረመም።

ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ። ከከተማ ይውጡ አልልም፤ ያለ እርስዎ ሰርግ ቤት ምን እንደሚወራ እኔም አላውቅም። ጢስ ዓባይ ላይ ከኅዳር እስከ ግንቦት ሙሉ መብት አለዎት። ዓሣ ላይ ክንድ ከክርን በላይ እስካልተያዘ ድረስ ፈቅጃለሁ። ሙዚቃ ላይ ግን ቢያንስ ዘጠነኛው ዘፈን እስኪያልቅ በረንዳ ላይ ይቆዩልኝ። ደግሞ ሲገቡ በሁለት ጆሮ ለሰማ ሰው ብቻ ይግቡ።

ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። መልስ ከጻፉልኝ የእጅ ጽሑፍዎ ድሮ ያምር እንደነበር አልነግርዎትም።

ከሰላምታ ጋር፣
ከጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር

ግልባጭ፦
ለጓደኛዬ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል
ለአጎቴ፣ ከካሴቱ ጋር
አሜሪካ ላለችው እህታችን፦ ፋይሉ አልተበላሸም