ፎቶውና መንገዱ በማን እጅ ይሁን?

ጥያቄው ይሄ ነው። ፎቶ ለማደራጀትና የጉዞ መስመር ለማውጣት የቱ ይሻላል? እንደ ጉግል ፎቶስና ጉግል ማፕስ ያለ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ አገልግሎት ወይስ ለፎቶ እንደ ዲጂካም፣ ለካርታ እንደ ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በራስ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር? አንደኛው ተከራካሪ በሰሜን ተራሮች ተጓዥ የሚመራ አስጎብኚ ነው። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ሠርግ የምታነሳ ፎቶ አንሺ ናት።

አስጎብኚው፦ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስሄድ ኔትወርክ አልጠብቅም። ደባርቅ ሳለሁ ካርታውን ስልኬ ላይ አውርጄ እወጣለሁ። ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደርገዋለሁ። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል አይቋረጥም፣ ባትሪውም ይበረክታል። ጉግል ማፕስም ካርታ ያወርዳል። ግን ያለ ኢንተርኔት መንገድ የሚያወጣው ለመኪና ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በእግሬ ነው የምሄደው። ኦስማንድ የእግር መንገዱን ያወጣልኛል፣ ዳገቱንም በግራፍ ያሳየኛል። የእሜት ጎጎ ተራራ ጫፍ 3,926 ሜትር ነው። እንግዳዬ የሚጠብቀውን ዳገት ማታውኑ ሊያየው ይገባል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ወንድሜ፣ በተራራው አልከራከርህም። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሙሽሪት ቤት፣ ከዚያ ሙሽራው ቤት፣ ከዚያ አዳራሽ መድረስ አለብኝ። የአዳራሹን ስም ጉግል ማፕስ ላይ ስጽፍ ይመጣልኛል፤ አንተ በምትለው ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ አጣዋለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ መጥፋት ነው። አምና ታክሲ ውስጥ ስልኬ ተሰረቀ። የእናቴ የመጨረሻው ፋሲካ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። ማታ በሌላ ስልክ አካውንቴን ስከፍት ሁሉም አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዲጂካም ይህን ያደርግልኛል?

አስጎብኚው፦ አያደርግልሽም። ሁለተኛ ቅጂ መያዝ የራስሽ ሥራ ነው። እኔ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለኝ፤ አንዱ ወንድሜ ቤት ነው ያለው። ግን እህቴ፣ በነፃው አገልግሎት ውሉን የሚጽፈው ሰጪው ነው። ጉግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀምር መጠናቸው ለተቀነሰ ፎቶዎች ገደብ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ወዲህ ነፃው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱንም ከኢሜይልሽ ጋር ትጋሪዋለሽ። ፒካሳ የሚባለውን የጉግል የፎቶ ማደራጃ የለመደው ሰውም እ.ኤ.አ. በ2016 ቀረበት።

ዲጂካም የሚሠራልኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። ኦስማንድ የሄድኩበትን መንገድ በጂፒኤክስ ፋይል ይመዘግባል። ዲጂካም ፋይሉን ከካሜራዬ ሰዓት ጋር አስተያይቶ እያንዳንዱ ፎቶ የት እንደተነሳ ይጽፍበታል። መጀመሪያ ስሞክረው አንድም ፎቶ ቦታ አላገኘም። ለካ የካሜራዬን ሰዓት የሞላሁት በእኛ አቆጣጠር ነው! ጠዋት 4 ሰዓት ያነሳሁት ጭላዳ ለዲጂካም ገና ያልነጋ ሌሊት ሆነበት፤ በዚያን ሰዓት እኔ ድንኳን ውስጥ ተኝቻለሁ። የ6 ሰዓቱን ልዩነት ስሞላለት እያንዳንዱ ጭላዳ የቆመበት ገደል ላይ ተቀመጠ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ደስ ይላል፣ ግን ያን ሁሉ ማን ይቀመጥበታል? የእኔ ደንበኛ ሰኞ ጠዋት ሊንክ ይፈልጋል። እኔም ከሺህ ፎቶ መሃል የሙሽሪትን አያት ስፈልግ ፊታቸውን ነክቼ አገኛቸዋለሁ።

አስጎብኚው፦ ፊት መለየት ዲጂካምም ይችላል፣ ያውም ያለ ኢንተርኔት። ሊንኩ ላይ ግን ልክ ነሽ። አዳራሹም ካርታው ላይ ከሌለ ኦስማንድ ካርታውን በሚወስድበት፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ራስሽ ልትጨምሪው ትችያለሽ። እኔ የጎደሉ መንገዶችን እንዲያ ነው የጨመርኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናትሽን የድሮ ፎቶዎች ስካን አድርገሽ ከሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን የጻፍሽው የት ነው?

ፎቶ አንሺዋ፦ እዚያው ጉግል ፎቶስ ላይ።

አስጎብኚው፦ ቴክአውት በሚባለው የጉግል ማውረጃ ስታወርጃቸው የጻፍሽው ነገር ፎቶው ውስጥ አይገባም። ጄሰን በሚባል ሌላ ፋይል ለብቻው ነው የሚመጣው። ዲጂካም ግን ፎቶው ውስጥ ሊጽፈው ይችላል፤ ፎቶው በሄደበት አብሮት ይሄዳል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይህን አላውቅም ነበር። ሥራዬን ከጉግል አላወጣም፤ ቅዳሜ ሠርግ አለኝ። የእናቴን ፎቶዎች ግን ዛሬ ማታ አወርዳቸዋለሁ። ቀኖቹን አንድ በአንድ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ደግሜ የምጠይቃት አይደለችም።