ስፓይራል ይሁን ወይስ ከሺት የተቆረጠ? የፍላንጅ ጋስኬት ክርክር

ጎጃም ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ ፋብሪካ እየበዛ ነው። ባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ አለ። ቡሬና ደብረ ማርቆስ የዘይት ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ሁለት የጥገና ሰዎች ቀጥሎ የሚከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ሞቃት የግፊት ዕቃ ፍላንጅ ሁሉ ስፓይራል ጋስኬት ብቻ ይግባበት? ፍላንጅ ሁለት ቧንቧ ወይም ዕቃ በብሎን የሚጋጠምበት ጠርዝ ነው፤ ጋስኬት በመካከሉ ገብቶ እንዳያፈስ የሚያሽገው ነው። ስፓይራል ማለት ቀጭን የስቴንለስ ጥብጣብና ግራፋይት፣ አንዳንዴም ቴፍሎን፣ አብረው የተጠቀለሉበት ጋስኬት ነው። ከባሕር ዳር የጻፈው ወጣት መሐንዲስ «አዎ» ይላል። ከደብረ ማርቆስ የጻፉት አንጋፋ ቴክኒሻን አይስማሙም።

የባሕር ዳሩ፦ ጋሼ፣ ካየሁት ልጀምር። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ማሞቂያ ፍላንጅ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጋስኬቱ ከፋይበር ሺት፣ ማለትም ከስስ የፋይበር ንጣፍ፣ የተቆረጠ ነበር። አንድ ልጅ ቁልፍ ይዞ ሄደና ትኩስ እንዳለ አጠበቀው። ጋስኬቱ ተሰነጠቀ። እንፋሎቱ ክንዱን ላጠው። በኋላ ስንፈታው ጋስኬቱ ጠቁሮ፣ ምጣድ ላይ እንደተረሳ ቂጣ እጃችን ላይ ተፈረካከሰ።

የፋይበሩን ሺት የሚያያይዘው ጎማ ነው። ጎማ ሙቀት ሲቆይበት ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ብሎን ካጠበቁበት ይሰበራል። ሺቱ ላይ 400 ዲግሪ ተብሎ ቢጻፍም ያ ለአፍታ የሚችለው ነው። እንፋሎት ውስጥ ሳያቋርጥ ሲሠራ ከ200 ዲግሪ በላይ እኔ አላምነውም። ስፓይራሉ የሚደርቅ ጎማ የለውም። ግራፋይቱ አየር ባለበት እስከ 450 ዲግሪ ገደማ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ቀስ እያለ ተቃጥሎ ያልቃል። የዘይት ሽታ ማስወገጃ ዕቃ ደግሞ 240 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። እዚያ ፋይበር ሺት ማስገባት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የደብረ ማርቆሱ፦ ልጁን እግዜር ይማረው። የደረቀ ጋስኬት በትኩሱ አይነካም፤ እሱ ላይ አንድ ነን። ግን አንተ ሁሉንም ፍላንጅ አንድ ልብስ ልታለብስ ነው። የግፊት መለኪያው 10 ባር ሲያሳይ እንፋሎቱ 184 ዲግሪ ገደማ ነው። የሆስፒታል ማምከኛ 134 ዲግሪ ነው። ለእነዚህም ስፓይራል?

ደግሞ ያለንን ፍላንጅ እየው። ቶርኖ ቤት ከላሜራ የተቆረጠ፣ ቀጭን፣ አራት ብሎን ያለው። ስፓይራል በደንብ እንዲቀመጥ ብርቱ ጫና ይፈልጋል። የአሜሪካኖቹ የግፊት ዕቃ ደንብ ለስፓይራል 69 ሜጋፓስካል ይሰጣል፤ ለ1.5 ሚሊ ሺት የዚያን ግማሽ እንኳ አይጠይቅም። ይህን ጫና ደካማ ፍላንጅ ላይ ስታመጣ ይጎብጣል። እኔ ራሴ አጉብጫለሁ። በሁለት ብሎኖች መካከል የቢላ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ጋስኬቱ አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ግን ያፈሳል።

ግራፋይትን አልጠላም። በሺትም ይመጣል፣ መሐሉ ላይ ጥርስ ያለው ስስ የስቴንለስ ቆርቆሮ የገባበት። በመቀስ ይቆረጣል። የሚደርቅ ጎማ የለውም። ከስፓይራል ባነሰ ጫናም ይቀመጣል። ሺቱን ከአዲስ አበባ እናመጣለን፣ ከኛ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልዩ መጠን ያለው ስፓይራል ግን ከውጭ ታዝዞ ነው የሚመጣው።

የባሕር ዳሩ፦ የግራፋይት ሺቱን ለ184 ዲግሪው መስመር እቀበላለሁ። ግን ማን ነው የሚቆርጠው? ሺቱን ፍላንጁ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚቆርጠውን ሰው እናውቀዋለን። መዶሻው ሺቱንም የፍላንጁንም ፊት ያቆስላል። 3 ሚሊ ይሻላል ብሎ ወፍራሙን ይመርጣል። ወፍራሙ ግን ግፊት ሲመጣበት ቶሎ ተገፍቶ ይወጣል፣ ብሎኑንም ያላላል። በዚያ ላይ ግሪስ ይቀባዋል፤ ያንሸራትተዋል። ስፓይራል ይህን ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ምን እንደሆነ ይነግርዎታል፦ ቢጫ ቀለም ስቴንለስ 304 ነው፣ ግራጫ ሰረዝ ግራፋይት፣ ነጭ ሰረዝ ቴፍሎን።

የደብረ ማርቆሱ፦ ቀለሙን ካነሳህ አይቀር፣ ነጭ ሰረዝ ያለው ለእንፋሎት መስመር ከመጋዘን ሲወጣ አይቻለሁ። ማንም አላየውም ነበር። ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ በላይ አይሆንም፤ ከዚያ በታችም ጫና ሲበዛበት እየተለጠጠ ይሸሻል። ፋብሪካ የሠራውም ቢሆን የሰው ዓይን ይፈልጋል።

በዘይቱ ሽታ ማስወገጃ ዕቃ ላይ ረትተኸኛል። እዚያ ፍላንጁም ደረጃውን የጠበቀ ነው፤ ስፓይራል ይግባ። የኔ ጭንቀት የቶርኖ ቤቱ ፍላንጅ ነው።

የባሕር ዳሩ፦ እሱማ ይቀየር ጋሼ። ጋስኬት የማያስጠብቅ ፍላንጅ ግፊት ዕቃ ላይ ምን ይሠራል?

የደብረ ማርቆሱ፦ ይቀየር። እስኪቀየር ግን ቦይለሩ ማታ ይዘጋል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ አለ። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አይቼ እፈታለሁ። አሮጌውን ደግሜ አልጠቀምበትም። የፍላንጁን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጸዳለሁ። 1.5 ሚሊ ግራፋይት ሺት፣ ምንም ሳይቀባ። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እያልኩ አጠብቃለሁ፦ መጀመሪያ ከሙሉው ጥብቀት 30 በመቶ፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 100፣ መጨረሻ ላይ ዙሪያውን አንድ ጊዜ። የአዲሱን ፍላንጅ ማዘዣ አንተ ጻፈው፤ ልኬቱን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ስምንት ብሎን ይሁን።