ግልጽ ደብዳቤ ለአቶ አሮጌ ካናቴራ

ለ፦ ክቡር አቶ አሮጌ ካናቴራ
ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመስኮት መወልወያነት መነሳትዎን ይመለከታል

አንገትዎ ሰፍቶ ብብትዎ ሲተረተር ከልብስነት በጡረታ ተገልለው ወደ ጨርቅነት መምጣትዎ ይታወሳል። የመግቢያ ፈተና አልነበረም፤ በመቀስ ለሁለት ተቆረጡ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ምድጃ፣ ረፋድ ላይ ፍሪጅ፣ ከሰዓት የፈሰሰ ሻይ፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ መስኮት ላይ ሲሰማሩ ቆይተዋል። የሥራ ልምድዎ ሰፊ መሆኑን አንክድም። የተከሰሱትም በዚሁ ስፋት ነው፦ ማክሰኞ ከምድጃው ያነሱትን የቁሌት ዘይት ቅዳሜ መስታወቱ ላይ በፍትሐዊነት አከፋፍለውታል። ማታ አይታይም። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ግን ጨርቁ በየት በየት እንደዞረ እንግዳው ሁሉ ከሰንበሩ ያነባል።

የዘር ሐረግዎም ተመርምሯል። ጥጥ ከሆኑ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይህ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ጠርዝዎ መስታወት በነካ ቁጥር የክር ብናኝ ያራግፋል። ፖሊስተር ከሆኑ (ያ ለሩጫ ቀን የታደለው) ውሃ ከመምጠጥ ይልቅ ከግራ ተቀብለው ወደ ቀኝ ይሸኙታል። ደረትዎ ላይ የታተመው ጽሑፍ እንደ ላስቲክ ስለሆነ ባለፈበት ሁሉ እርጥብ መስመር ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ስፌትዎ ውስጥ የተሰገሰገው አሸዋ ነው። እሱ የሚተወው እድፍ ሳይሆን ጭረት ነው፤ ጭረት ደግሞ ምንም ቢወለወል አይለቅም።

በምትክዎ የተመደበው ማይክሮፋይበር ይባላል። ፖሊስተርና ናይለን ተቀላቅሎ የተሠራ ሲሆን፣ የሁለቱ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ 80 ለ20 ወይም 70 ለ30 ነው። ክሩ በጣም ቀጭንና የተሰነጣጠቀ በመሆኑ ዘይትና አቧራ ከስንጥቁ ይገባና ይያዛል። የእርስዎ ክር ግን አቧራውን ለሽርሽር ይዞት ይዞራል። በስሙ የሚነግዱ ስላሉ ሲገዛ ይፈተን፦ በደረቅ መዳፍ ላይ ሲጎተት ሸከክ ብሎ ቆዳ ከያዘ ክሩ ተሰንጥቋል፤ እንደ ሐር ከተንሸራተተ ግን የእርስዎ የአክስት ልጅ ነው። ለመስታወት ማድረቂያ ጠጉራሙ አይሆንም። ስሱና ልሙጡ፣ ወይም የማር እንጀራ የመሰለ ጉድጓድ ያለው ይመረጣል። ጠጉራሙ ለማጠቢያ ይሁን። እንግዲህ ለአንድ ቤት ሦስት ጨርቅ ይበቃል፦ አንዱ ለፍሬሙ፣ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። ሦስቱ ሥራ አይለዋወጡም። ይህ ለእርስዎ እንግዳ ሐሳብ መሆኑን እንረዳለን።

አሠራሩንም ይስሙት፣ ምናልባት ይጸጽትዎ ይሆናል። መጀመሪያ ውሃ አይነካም፤ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ በደረቁ ይራገፋል፣ አለዚያ ጭቃ ይሆናል። ቀጥሎ ፍሬሙ። መስታወቱን አስቀድሞ ፍሬሙን ማስከተል፣ የኤልቲዜዱን (የብረት ፍሬሙን) ዝገትና አቧራ በተወለወለው ላይ መልሶ ማውረድ ነው። ከዚያ 5 ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላርጎ፣ በቃ! አረፋ ባበዙ ቁጥር የጸዳ የሚመስላቸው ይህን ልብ ይበሉ፤ ከሰንበሩ አብዛኛው ሳይታጠብ የቀረ ሳሙና ነው። እርጥቡ ጨርቅ እስከማይንጠባጠብ ተጨምቆ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ ደረቁ ወዲያው ይከተለዋል። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ንጹሕ ገጽ ይሰጣል፤ አንዱ ገጽ ሲረጥብ ወይም ሲጠቁር ይገለበጣል። እርስዎ ተድቦልቡለው ሲሠሩ አንድ ፊት ብቻ ነበረዎት፣ እሱም የጠቆረ።

ውስጡ አግድም፣ ውጭው ቁልቁል ይወልወል። መስመር ከቀረ በየትኛው በኩል እንደሆነ አቅጣጫው ይናገራል፣ ከፍርግርጉ ውጭና ውስጥ መመላለስም ይቀራል። ፀሐይ የምትመታው መስኮት ይቆይ፤ ውሃው ማድረቂያው ሳይደርስ ደርቆ ሳሙናውን ይተዋል። የምሥራቁ ከሰዓት፣ የምዕራቡ ጠዋት ይሠራል።

የቡና ጭስ፣ ዕጣንና የወጥ ዘይት የጋገረው የውስጥ መስታወት ሳሙና ይፈልጋል፤ አቼቶ ዘይት ላይ ብዙም አይበረታም። አቼቶ የሚያዋጣው ውሃ ደርቆ ለተወው የካልሲየም ነጭ ነጠብጣብ ነው፦ አንድ እጅ አቼቶ ለአራት እጅ ውሃ። የመስኮቱ ደፍ እምነበረድ ከሆነ እንዳይነካው፣ አሲድ ይበላዋል። ከበረኪና ጋር ደግሞ በምንም ምክንያት አይቀላቀልም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ደርቆ የተጣበቀ የቀለም ጠብታ በምላጭ ይነሳል፣ መስታወቱ እርጥብ ሆኖ፣ ምላጩ ጋደል ብሎ።

ምትክዎ ቅምጥል መሆኑን አንደብቅም። ከጥጥ ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብም፣ ብናኙን ሁሉ ይለቅማልና። የልብስ ማለስለሻ ክሩን ይደፍነዋል፣ በረኪና ናይለኑን ይጎዳዋል፣ የፈላ ውሃ ይጎዳዋል፣ ካውያ ጫፉን ያቀልጠዋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቃልቆ፣ አቧራ በማይደርስበት ይሰጣል። እርስዎ ግን እቃ ማጠቢያው ሥር ተጠቅልለው ነበር የሚያድሩት፤ ለዚህ ጥንካሬዎ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጫማ መጥረጊያነት ተዛውረዋል። እዚያ ዘይትዎ ጥፋት አይደለም፣ ብናኝዎን የሚቆጥርም የለም። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ የመስኮቱን ሥራ እንዲያስረክቡ እያሳሰብን፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት እንላለን።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ መስኮቶች

ግልባጭ፦
ለአቶ ጋዜጣ፦ ተጨማድደው ሲወለውሉ ጥሩ እንደሚያደርቁ እናውቃለን፣ ነጩን ፍሬም በቀለም ማጥቆርዎን ግን ያስቡበት። የሚያብለጨልጨው የመጽሔት ዘመድዎ ውሃ ስለማይጠጣ አይምጣ።
ለወይዘሮ ሻካራ ፎጣ፦ ጠጉርዎ መስታወቱ ላይ እየቀረ ነው፤ ቀጣዩ ደብዳቤ በስምዎ ይወጣል።