«መብላት ተፋ!»

እህቴ፣ ልጅሽ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ሊያጠልቅ ሲታገል ቀረፅኩት ያልሽው አሳቀኝ። ከልደት ሻማ ይልቅ እንዲህ ያለውን ተራ ነገር መቅረፅ ይሻላል ባልሽውም እስማማለሁ። የልደቱን ቀንማ ዘመድ ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ነው የሚውለው።

እኔ ግን በቪዲዮ አልታደልኩም። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ባለፈው ክረምት ስልኬ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ገብቶ አለቀለት። የተረፈው ደሴ ላለችው እናቴ በቴሌግራም የላክሁት ብቻ ነው። «ወፌ ቆመች!» እያልን ስናጨበጭብላት በድንጋጤ ዘጭ ስትል። እማዬ «ላኩልኝ» ብላ ባትነዘንዘኝ ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዝኩ። የምጽፈው አፏን ስትፈታ የምትለውን ነው። «ጠ» እና «ረ» አልመጡላትም። መብራት ሲጠፋ «መብላት ተፋ!» ብላ ትጮሃለች። (እኛ ሰፈር ለመለማመድ ዕድሉ ሞልቷል።) ባለፈው ሳምንት ግን «ጠፋ» ብላ ቁጭ! ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቀኑን ጻፍኩት።

ገላውን ሲታጠብ የቀረፅሽውን ቲክቶክ ላይ መልቀቅሽ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አብዛኞቻችን ከ3 ዓመታችን በፊት የሆነውን አናስታውስም። እሱ የማያስታውሰውን የሰፈር ልጅ ሊያስታውስበት ነው? ቪዲዮውን ለአያቱ ብቻ ላኪላት።