ተመስገን ስንል የምንዘላቸው ሰዎች

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ስልክ ሲያነሳ ልብ ብላችሁ ስሙት። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ መጨረሻው አይታይም። ታክሲ የለም። ዝናቡ ሊጥል ነው። ከወዲያ ያለው "እንዴት ነህ?" ይለዋል። "ተመስገን፣ ደህና ነኝ።" ቤተሰብስ? "ሁሉ ሰላም፣ ክብሩ ይስፋ።" ስልኩን ዘግቶ ነው ተራ አስከባሪው ላይ የሚጮኸው።

ይኼን ልማድ እወደዋለሁ። ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ ውሎ በሰላም ቤት መግባት ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነገር ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ምስጋናችን ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን ዞር አይልም። እግዚአብሔርን በቀን ስንት ጊዜ እናመሰግናለን። ሸሚዛችንን የተኮሰውን፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣውን፣ አብሮን የሚያድረውን ሰው ግን ዘለነው እናልፋለን።

ሩቅ አልሄድም፤ የራሴን ቤት ላንሳ። የምንኖረው እዚያው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። በፈረቃችን ቀን እንኳ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ ታች ያሉት ሲተኙ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል። ከዚያ ያፏጫል። ከዚያ አባቴ ይነሳል።

አባቴ ጡረተኛ ነው። እናቴ አርፋ፣ ሠፈሩም ከተነሳ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ማንም ሳያዘው የሌሊቱን ውሃ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ደቅኖ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። ውዳሴ ማርያሙን ይገልጣል። ውዳሴ ማርያም እንደሚታወቀው ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ ሰኞ የራሱ አለው፣ ማክሰኞ የራሱ። አባቴ የዕለቱን አንብቦ እስኪጨርስ ሁለት ጀሪካን ይሞላል። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ይዌድስዋ መላእክትን ይጨምርበታል። "ዛሬ ውሃው ቀጭን ነበር፤ መልክአ ማርያም ድረስ ሄጄበታለሁ" ይላል አንዳንድ ጠዋት። ቆጣሪ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ንባብ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ጠዋት ስንነሳ ባልዲው ሞልቷል፣ በርሜሉ ሞልቷል። "ተመስገን፣ ውሃ መጥቷል!" ይላል ቀድሞ መታጠቢያ ቤት የገባው። ልጆቹ ይታጠባሉ። ሻይ ይጣዳል። አባቴ ይኼኔ ተመልሶ ተኝቷል።

ያፋጠጠችው ትንሿ ልጄ ናት። "አባባ፣ ውሃውን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው አንተ?" አለችው አንድ ቀን። እሱም ብዙ አላሰበ። "ውሃው የእሱ ነው፣ ጀሪካኑ የእኔ ነው" አላት።

ውሃው ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ፣ ዝናቡን ያዘነበውን ማመስገናችን ልክ ነው። ግን ከግድቡ እስከ እኛ ጆግ ባለው መንገድ ላይ ስንት ሰው አለ። የመጨረሻው ሰው ጋቢ ለብሶ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ነው።

ገበታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰው ቤት ስንሄድ አፋችን ማር ነው። "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" እንላለን። "እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም" እንላለን፤ ያለፈው በዓል ላይም ሌላ ቤት እንደዚያው ብለናል። የራሳችን ቤት ስንገባ ግን ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ። "ዛሬም ሽሮ ነው?"

ሽሮ ከሆነ ለምን ሽሮ እንደሆነ ማሰብ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወር አስቤዛ የሚይዝ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ደመወዙ ዘይቱን አልደረሰበትም። በዚህ መሃል ሽሮው ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ጨምራ፣ ቀይ ሽንኩርቱን ቀንሳ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ግን ሳትነካ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ እንዲበቃ ያደረገች ሴት አለች። (ወንድም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ሴት ናት፤ አንሸዋወድ።) ገበታው ይባረካል። "ለዚህ ያደረስከን አምላክ" ይባላል። እሷ ይኼኔ ሚጥሚጣ ልታመጣ ተነስታለች።

የፋሲካን ሌሊት አስቡት። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ጧፋችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን እናድራለን። ከቅዳሴ ስንመለስ ዶሮው ደርሷል። አሥራ ሁለቱ ብልት ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ታጥቦ ድስት ውስጥ ገብቷል። ያ ሁሉ ሽንኩርት ተከትፎ፣ በእሳት ላይ ለሰዓታት ሲማሰል አድሯል። ማን አማሰለው? ቅዳሴውን ያላስቀደሰችው ናት። እኛ ቆመን ያደርነው እሷ እሳቱ ዳር ስላደረች ነው። እንኳን አደረሳችሁ እየተባባልን ስንስማት ዓይኗ እንቅልፍ ይዞታል፤ እኛ ደግሞ ቆመን እንዳደርን እናወራላታለን።

ሠራተኛ ባለበት ቤት የባሰ አለ። ጸሎቱ ሲደረስ ምግቡን የሠራችው ልጅ ጓዳ ናት። አሜን ሲባል የለችም። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ሲፈቀድላት ማታ የምትማር ልጅ ናት። ስም እያላት "ልጅቷ" ነው የምትባለው። ስለ እንጀራው አምላክን አመስግኖ እንጀራውን የጋገረችውን በስሟ አለመጥራት ምን ዓይነት ጸሎት እንደሆነ አይገባኝም።

"ቤተሰብ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል? ምስጋና ለባዳ ነው" የሚሉኝ አሉ። የዋዛ ክርክር አይደለም። ሲደርስብኝ አይቼዋለሁ።

እናቴ ያረፈችው ካዛንቺስ እያለን፣ ማለቴ ወላጆቼ እዚያ እያሉ ነው። እድሩ ወዲያው ድንኳን ተከለ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ከዕቃ ቤት ወጣ። እድር ያለበት ሰው ሥርዓቱን ያውቃል። ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ከውጭ የሚያይ ሰው "ማጽናናት በቅጣት ይሆናል እንዴ?" ይል ይሆናል። ይሆናል። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ድንኳኑን የሞላው ሕዝብ በፍቅር ይምጣ ቅጣት ፈርቶ አይመረምርም። ሰው አለ። ወንበሩ ሞልቷል። ከየቤቱ ወጥ በድስት፣ እንጀራ በመሶብ ይመጣል። እንዲያውም እምነት የምንለው ነገር አብዛኛው እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ልብ እስኪመጣ እግር ቀድሞ ይመጣል።

በእነዚያ ቀናት ከጓዳ ያልወጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ሽንኩርት ሲልጡ ነው የማስታውሳቸው። ዓይናቸው የቀላው በሽንኩርቱ ይሁን በለቅሶው አይለይም ነበር። ንፍሮውን የቀቀሉት እሳቸው ናቸው። እህል አልቀምስም ያለውን አባቴን በጉርሻ ያስገደዱትም እሳቸው ናቸው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እሳቸው ገላን ጉራ ደረሳቸው። አባቴ እኛ ጋ መጣ። እድርተኛው ተበታተነ።

እህቴና እኔ ቡናና ስኳር ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ከመሃል ከተማ ሲታይ ገላን ጉራ ቅርብ አይደለም። ገብተን አረፍ እንዳልን እህቴ "ያን ጊዜ ላደረጉልን ሁሉ..." ብላ ስትጀምር ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን መሆናችሁ ነው? ባዳ አደረጋችሁኝ እንዴ?"

እህቴ ዝም አለች። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ከሰል አቀጣጠሉና ያንኑ እኛ ያመጣነውን ቡና ቆሉ። አቦሉን ጠጥተን ልንነሳ ስንል አስቀመጡን። ቶናው መጣ። "በረካውንማ ሳትጠጡ አትሄዱም" አሉ። በመሃሉ እናታችንን አነሱ። እቁብ ሲደርሳት ምን እንደገዛች፣ ከማን ጋር ተኳርፋ ማን እንዳስታረቃት፣ አባታችንን እንዴት አድርጋ እንደምታበሽቀው። ግማሹን አናውቀውም ነበር። ሳቅን። ስንወጣ ቆመው መረቁን። ልናመሰግን ሄደን ተመርቀን ተመለስን።

ስለዚህ ክርክሩ ግማሹ እውነት ነው። የቅርብ ሰው "አመሰግናለሁ" ሲባል ሒሳቡ ተዘግቶ የተሰናበተ ይመስለዋል። ግን እኚህ ሴት ያልወደዱት እንደ ባዳ መመስገንን ነው እንጂ መታሰብን አይደለም። ገላን ጉራ ድረስ መምጣታችንን ወደውታል። በር ላይ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ "የካዛንቺስ ልጆቼ ናቸው" እያሉ አሳይተውናል። የቤታችን ሰውም እንደዚያው ነው። ንግግር አይፈልግም። ማን እንደሠራው እንዲታወቅለት ግን ይፈልጋል።

ስለ ምስጋና ሲወራ የማይነሳ አንድ ነገር ደግሞ አለ። "ተመስገን በል" ብዙ ቤት ውስጥ አፍ ማስያዣ ነው። ልጅ ጫማዬ ጠበበኝ ሲል፣ "ባዶ እግሩን የሚሄድ አለ፣ ተመስገን በል።" ሚስት ደከመኝ ስትል፣ "ልጅ አጥታ የምታለቅስ አለች።" የባሰ አታምጣ ማለት ጥሩ ጸሎት ነው፤ እኔም እለዋለሁ። በሌላው ሰው ችግር ላይ ቆሞ የሚባል ተመስገን ግን ይከብደኛል። ባዶ እግሩን የሚሄደው ልጅ ለእኔ ልጅ መጽናኛ እንዲሆን አልተፈጠረም። የጠበበ ጫማም ያማል።

እናቴ እመቤታችንን በጣም ትወድ ነበር፤ ስትቆጣም ትቆጣባት ነበር። በወር በሃያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ "ዛሬ ነግሬያታለሁ" ትላለች። ምን ብላ እንደነገረቻት አታወጣም። ፊቷ ግን ቀለል ብሎት ነበር የምትመለሰው። መዝሙረ ዳዊቱስ ቢሆን ከምስጋናው ጎን እሮሮ ሞልቶት የለም እንዴ? ማጉረምረም ከሃይማኖት የሚያስወጣ ቢሆን መጀመሪያ የሚወጣው ዳዊት ነበር።

ሃይማኖቶቻችንም ቢሆኑ ሰውን ዘላችሁ አመስግኑ አላሉም። ያስቀደሰ ሰው ጸሎተ አኰቴትን ያውቀዋል። እዚያ ምስጋናው በደፈናው አይደለም። ስለጠበቀን፣ ስለረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን እየተባለ ምክንያቱ ይዘረዘራል። እዚያው ቅዳሴ ውስጥ መባ ይዘው ለመጡ ሰዎች ይጸለያል፤ ስጦታው ለእግዚአብሔር ቢሆንም ያመጣው ሰው አይዘለልም። ታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ የሚያዘወትሩት ሐዲስ አለ፦ ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም። የሚሉትም ውሃው እኛ ጋ ሳይወጣ ቀርቶ አባቴ ከምድር ቤት ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ደረጃ ላይ ሲያገኙት ነው። ሐዲሱን ይጠቅሱና ጀሪካኑን ይቀበሉታል። ከሁለቱ የማን ጉልበት እንደሚብስ ግን እኔ እንጃ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱም ቆመው ሲያለከልኩ አግኝቻቸዋለሁ።

እኛ ቤት በቅርቡ አንድ ነገር ተለውጧል። ገበታ የሚባርከው አባቴ ነው። አቡነ ዘበሰማያቱን ካደረሰ በኋላ ስም መጥራት ጀምሯል። ሽሮውን የሠራውን፣ እንጀራ ከሱቅ ያመጣውን፣ አስቤዛውን የሸመተውን አንድ በአንድ እየጠራ "እጃቸውን ባርክ" ይላል። እኛ አሜን እንላለን። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም አፈርን፤ የት እንደምናይ ጠፋን። ልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። "ዳቦ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ አልጠራኸኝም" አለ ትልቁ በማግስቱ። ትንሿ ሹካ ስላቀረበች ካልተጠራሁ ብላ አኮረፈች፤ እኛ ቤት ሽሮ በሹካ የሚበላ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ የጋዝ ሲሊንደሩን አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከመ ቀን ጉሮሮውን እየጠራረገ ራሱን ጠቁሟል።

ጸሎቱ በዚሁ ምክንያት ረዝሟል። ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው ብሎ የሚያጉረመርም ሰው አለ። እሱን እንኳ በስም አልጠራውም።