ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል እኛ ጋ ማን ይሰበስበዋል?

ውጭ አገር አንድ መጫወቻ ላይ ትንሽ ነገር ተነቅሎ ልጅ ሊያንቅ ይችላል ከተባለ አምራቹ ራሱ ከገበያ ይሰበስበዋል፣ ለገዛውም ብሩን ይመልሳል ወይ ይቀይርለታል። ማቴል የሚባለው ትልቁ የአሻንጉሊት ካምፓኒ እንኳን በፈረንጆቹ 2007 ማግኔት የሚወልቅባቸውን መጫወቻዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰብስቧል። ይሄ የሚቻለው ግን ዕቃው ስምና ሞዴል ቁጥር ስላለው ነው። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው መኪና ስም የለው፣ ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ በጆንያ ከመርካቶ መጥቶ ነው፣ እና ነገ አደጋ አለው ቢባል የቱን ብለን ለማን ልንመልስ ነው?

ጥምቀት ሰሞን አንዱን አንስቼ አየሁት። ጎማውን በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ፣ ከስር ሹል ሽቦ ወጣ። ባትሪ የሚገባባት ክዳን ብሎን እንኳን የላትም፣ በጥፍር ትከፈታለች፣ ውስጧ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ የሆነችው ትንሿ ባትሪ ናት ያለችው። እሷን ልጅ ከዋጠና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ታቃጥላለች። አሜሪካኖቹ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻን የሚፈትኑበት ጠባብ ቀዳዳ አላቸው፣ ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ነው፣ ከአንድ ብር ሳንቲማችን ትንሽ ሰፋ ይላል። እዛ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባ ነገር አይሸጥም። ያቺ ጎማ ያለ ጥርጥር ትገባለች። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል ምክንያቱም ጉሮሮ ላይ ልጥፍ ይላል፣ እኛ ግን ለልጅ ማባበያ ብለን እንሰጣለን።

አዋጅ 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂ መረጃ የማግኘት፣ ከተጎዳም የመካስ መብት አለው ይላል። ጥሩ፣ ግን ልጅ ትን ብሎት ሲታነቅ ያለችው ጊዜ ደቂቃዎች ናት፣ ከመንዝ ወይ ከመርሐቤቴ ገጠር ተነስቶ ሆስፒታል ድረስ የሚያደርስ ጊዜ የለም እኮ! ስለዚህ ሥራው ቀድሞ ነው መሠራት ያለበት።

እኔ የምለው የጤና ኤክስቴንሽኖቹ እጅ ላይ ትልቅ ዕድል አለ። እናት ልጇን ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይዛ ትመጣለች፣ ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከተው ደሞ ልክ በዚያው ጊዜ ነው። እዛው ጤና ኬላ ላይ የትኛው መጫወቻ እንደማይገዛ ቢያሳዩዋት፣ ደሞም ከዓመት በታች የሆነ ልጅ ታንቆ ድምፅ ማውጣት ካቃተው በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ትከሻው መሀል 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱ መሀል ላይ በአንድ እጅ መዳፍ ስር (በእጅ አንጓው በኩል) 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ፣ የማይታይ ነገር ፍለጋ ግን ጣት አፉ ውስጥ አለመክተት፣ ይሄን ብቻ ቢያስተምሯት። እድር ላይም ቢነገር ጥሩ ነው።

የንግድ ጽሕፈት ቤቶቻችን ደግሞ በዓል ሲደርስ ዘይትና ስኳር እንደሚቆጣጠሩት መጫወቻውንም ይዩት። ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠውን ልጅ ዕቃውን ቀምቶ ማባረር ግን መፍትሔ አይደለም፣ እሱም የዕለት ጉርሱን ነው የሚፈልገው። ጅምላ የሚያከፋፍለው ጋ ይሂዱ፣ ጎማውን ሳብ አድርገው ይዩት፣ ከወለቀ ያንን ሙሉ ጆንያ እዛው ያስቀሩት፣ ቀድሞ የወሰዱትን ቸርቻሪዎችም ብራቸውን ያስመልሱላቸው።